የትኛው ያጓጓል፦ ነጭ ድንክ ወይስ ኒውትሮን ኮከብ?

ጥር ላይ በምሽት ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብሎ ቀና ያለ ሰው ሲሪየስን አያጣትም፤ ከሌሊቱ ከዋክብት ሁሉ ደማቋ ናት። አጠገቧ በዓይን የማይታይ ጓደኛ አላት፦ እ.ኤ.አ. በ1862 የታየው ነጭ ድንክ (ነዳጁን የጨረሰ ኮከብ ቀሪ እምብርት)፣ ሲሪየስ ቢ። ክብደቱ የፀሐይን፣ ስፋቱ የምድርን ያህል ነው።

ነጭ ድንክ በራሱ ስበት እንዳይደረመስ የሚይዙት ኤሌክትሮኖቹ ናቸው፤ ሁለት ኤሌክትሮኖች ፍጹም አንድ ዓይነት ሁኔታ ላይ መገኘት ስለማይችሉ ስበቱን ይገፉታል። የሚገርመው፣ ክብደት ሲጨመርበት ይጠባል እንጂ አይሰፋም። የፀሐይን 1.4 እጥፍ ካለፈ ደግሞ መቆም አይችልም።

ኒውትሮን ኮከብ ሌላ ዓለም ነው። ግዙፍ ኮከብ ሲሞት እምብርቱ ይደረመስና ኤሌክትሮንና ፕሮቶን ተዋህደው ኒውትሮን ይሆናሉ። ከፀሐይ የሚከብደው ይህ ጉድ ስፋቱ ወደ 24 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከባሕር ዳር ተነስቶ ጢስ ዓባይ እንኳ አይደርስም። የጣና ውሃ 28 ቢሊዮን ቶን ገደማ ነው፤ በዚህ ልክ ቢታመቅ አንድ የቡና ሲኒ ይበቃዋል። በሲሪየስ ቢ ልክ ቢሆን ግን ከ10,000 ሜትር ኩብ በላይ ቦታ ይፈልጋል።

እኔን ብትጠይቁኝ የሚያጓጓው ኒውትሮን ኮከብ ነው። የነጭ ድንኩ ሒሳብ በአብዛኛው ተሠርቷል፤ የኒውትሮን ኮከብ እምብርት ውስጥ ግን ኳርኮች (ፕሮቶንና ኒውትሮን የተሠሩባቸው ቅንጣቶች) ነጻ ይውጡ አይውጡ ገና አልተለየም። የፀሐይን 2 እጥፍ የሚመዝኑ መገኘታቸው ቁሱ ልል (በቀላሉ የሚታመቅ) ነው የሚሉ ብዙ ቀመሮችን ጥሏል፤ እ.ኤ.አ. በ2017 ከሁለት ኒውትሮን ከዋክብት ግጭት የተመዘገበው የስበት ሞገድ (የኅዋ ንዝረት) ደግሞ ኮከቡን ከልክ በላይ የሚያሰፉትን።