ለማሳችሁ ወፍ መከላከያ ምን ልትገዙ? ጠመንጃ፣ ወንጭፍ፣ ጅራፍ፣ ሪባን፣ መረብና የጋዝ መድፍ

ማሽላ ወተት መቋጠር ሲጀምር ቆላ ያለ ገበሬ እረፍት የለውም። ከሸዋ ሮቢት እስከ ቆቦ፣ በአዋሽ ዳር፣ በኮንሶ፣ በጅግጅጋ ዙሪያ ግሪሳ የሚባለው እህል በል ትንሽ ወፍ በመንጋ ከወረደ የዓመት ልፋት በጥቂት ቀን ባዶ ዛላ ሆኖ ይቀራል። አንዲት ግሪሳ ክብደቷ 20 ግራም ቢሆን ነው። በቀን ግን 10 ግራም ያህል እህል ትበላለች። መንጋው አንድ ሚሊዮን ከሆነ የቀን ቀለቡ 100 ኩንታል ነው። ስለዚህ ለመከላከያ ገንዘብ ማውጣት ተገቢ ነው። ችግሩ ብዙ ሰው የሚያወጣው ለማይሆነው ነገር መሆኑ ነው።

መጀመሪያ ወፉን ለዩ። እርግብና ዋኔ የሚያስቸግሩት በዘር ወቅትና አውድማ ላይ ነው። አፈር ያልለበሰውን ዘር ይለቅማሉ። ለነሱ ውድ ዕቃ አያስፈልግም፤ ዘሩን በደንብ አፈር ማልበስና የመጀመሪያዎቹን ቀናት ማባረር ይበቃል። ግሪሳ ግን የሚያርፈው ዛላው ላይ ነው። ከወተት እስከ ደረቅ ፍሬ ያሉት ሦስት፣ አራት ሳምንታት ናቸው ወሳኞቹ። ከዚህ በታች የምለው ሁሉ ለነዚህ ሳምንታት ነው።

ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚነሳው ጠመንጃ ነው። እንግሊዝ አገር ገበሬው እርግብን ከማሳው የሚያስወጣው በሾትገን ነው። እዚያ ግን የሚተኮስባት የዱር እርግብ ግማሽ ኪሎ ገደማ ትመዝናለች፣ ሥጋዋ ይበላል፣ ሾትገኑም የሚበትነው ደቃቅ እርሳስ ብዙ ርቀት አይሄድም። እኛ ጋ ያለው ነገር ሌላ ነው። ግሪሳ በሺዎች ይመጣል፤ አሥር ብትገድሉ መንጋው አይጎድልም። የክላሽ ጥይት ደግሞ ከኪሎ ሜትር በላይ ስለሚሄድ ጎረቤት ማሳ ላይ ያለ ሰው ሊያገኝ ይችላል። መሣሪያ ለመያዝ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ለአደንም የራሱ ፈቃድ አለው። ለወፍ ብላችሁ ጠመንጃ አትግዙ። ያንኑ ብር ለጠባቂ ብትከፍሉት እህሉን ታተርፋላችሁ።

ወንጭፍና ጅራፍን ሳነጻጽር ጅራፍን አስቀድማለሁ። ጅራፍ የሚሠራው በድምፅ ብቻ ነው። ዛላ አይሰብርም፣ ሰው አይመታም፣ ከማማ ላይ ሲጮህ ሩቅ ይሰማል። ጉዳቱ ክንድ ማድከሙ ነው፤ ቀኑን ሙሉ አንድ ሰው አይችለውም። ወንጭፍ ደግሞ የጅራፍ ድምፅ የለመደውን መንጋ ከማሳው ጥግ ያስነሳል። በደንብ የሚወረውር ሰው ከ50 ሜትር በላይ ያደርሰዋል። ግን እጁ ያልለመደ ሰው ዛላውን ራሱ ይመታዋል፣ ሲብስም ሰው ይመታል። በድንጋይ ፈንታ ደርቆ የተድቦለቦለ ጭቃ ተጠቀሙ። ሁለቱም ከቃጫ ወይም ከቆዳ ስለሚሠሩ ዋጋቸው ትንሽ ነው። ስትገዙ የጅራፉን ጫፍ እዩ፤ የሚያጮኸው እሱ ነው፣ ቶሎ የሚበላውም እሱ ነው። ትርፍ ጫፍ ይኑራችሁ።

ማማው ላይ ግን አትቆጥቡ። የአካባቢ ማሽላ ከሦስት ሜትር በላይ ሊያድግ ስለሚችል፣ ከዛላው በታች የቆመ ጠባቂ ወፉን የሚያየው ከበላ በኋላ ነው። ማማው መሐል ላይ ይሁን፣ ጠንካራ ይሁን፣ ጥላ ይኑረው። ጠባቂው ጎህ ሲቀድና ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ስትበርድ ከቦታው መጥፋት የለበትም፤ ወፉ በብዛት የሚበላው ያኔ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። «ጠባቂው ልጄ ስለሆነ ምንም አያስወጣኝም» የሚሉ አሉ። ያስወጣል። ልጁ ለሳምንታት ከትምህርት ቤት ይቀራል፣ ሲመለስ ክፍሉ ጥሎት ሄዷል። የአዋቂ ደመወዝ ከከበዳችሁ ከጎረቤት ጋር ተዋጡና በተራ አስጠብቁ። ለዚህ ደግሞ ተስማምቶ በአንድ ሰሞን መዝራት ይጠቅማል። ብቻውን ቀድሞ የደረሰ ማሳ የአካባቢውን ወፍ ሁሉ ይጠራል፤ እኩል የደረሰ ሰፊ ማሳ ላይ ግን ጉዳቱ ይከፋፈላል።

የሚያብረቀርቅ ሪባን ቀላልና ርካሽ ነው። አንድ ጎኑ ቀይ ሌላው ብርማ የሆነውን ምረጡ። ጠምዘዝ ጠምዘዝ አድርጋችሁ ከዛላው ከፍ ባለ እንጨት ላይ ወጥሩት፤ በመስመሮቹ መካከል ሦስት ሜትር ያህል ይሁን። ፀሐይና ነፋስ ሲያገኝ ያብለጨልጫል፣ ይጮኻል። ነፋስ ከሌለ ግን ሥራው ትንሽ ነው፣ ወፉም በቀናት ውስጥ ይለምደዋል። አሮጌ የካሴት ክር ካላችሁ በነፋስ ጊዜ እሱም ይጮኻል። ጠባቂውን ያግዘዋል እንጂ አይተካውም።

መረብ ከሁሉም በላይ ይከላከላል። ከሁሉም በላይ ገንዘብም ይፈልጋል። ለዘር ብዜት፣ ለሙከራ መሬት፣ ለጓሮ ማሽላ ያዋጣል። ለሄክታር ማሽላ ግን አልመክርም፤ ምሰሶው፣ ገመዱና ጉልበቱ ሲደመር ከእህሉ ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። ስትገዙ ማስመሪያ ይዛችሁ ሂዱ። ቀዳዳው ከ2 ሳንቲ ሜትር ከበለጠ ግሪሳ ያልፋል። ፀሐይ የሚችል መሆኑንም ጠይቁ፤ ያለዚያ ለሚቀጥለው ዓመት አይደርስም። መረቡ ዛላው ላይ ከተኛ ወፉ ከላይ ሆኖ ይለቅመዋል፣ ስለዚህ ከፍ አድርጋችሁ ወጥሩት። በየቀኑም ዙሩት፤ እህል የማይነካ ወፍም ይያዝበታልና ቶሎ ይለቀቅ።

የጋዝ መድፍ ጥይት የለውም፤ በጋዝ ፍንዳታ ድምፅ ብቻ ወፍ የሚያስደነግጥ መሣሪያ ነው። የሚሆነውም ሰፊ እርሻ ላላቸው ባለሀብቶች ነው። በየደቂቃዎቹ ልዩነት እንደ ተኩስ ይፈነዳል፣ ከአንድ ሄክታር በላይም ይሸፍናል። ግን አንድ ቦታ ከቆመ በቀናት ውስጥ ይለመዳል፤ ማዟዟር፣ የፍንዳታውን ልዩነትም መቀያየር ግድ ነው። ከመግዛታችሁ በፊት የጋዝ ሲሊንደር የት እንደምታስሞሉ እርግጠኛ ሁኑ። ለቀበሌውና ለጎረቤትም ቀድማችሁ ንገሩ። ባለንበት ጊዜ ሰው ተኩስ ሲሰማ ልቡ ይደነግጣል።

መርዝ የተቀባ እህል አትግዙ፣ ቢሰጧችሁም አትቀበሉ። ዶሮውንም፣ አሞራውንም፣ ልጁንም ያገኛል።

ገና ዘር ልትገዙ ከሆነ ቀይ ማሽላን አስቡበት። ብዙ ጊዜ መራራ ጣዕም ስላለው ወፍ ነጩን ያስቀድማል። ለእንጀራ ነጩ ይመረጣል፣ ቀዩ ለጠላ ይሆናል። ሌላ የሚበላ ካጣ ግን ግሪሳ ቀዩንም አይተወውም።

ከሁለት ጥማድ (ግማሽ ሄክታር ገደማ) በታች ያላችሁ አንድ ማማ፣ አንድ ጅራፍ፣ አንድ ወንጭፍ ያዙ፤ የተረፈ ብር ካለ ሪባን ጨምሩ። ከዚያ በላይ እስከ ሁለት ሄክታር ላለው ከጎረቤት ጋር ሁለት ማማና ተራ ጠባቂ ይሻላል። ከሁለት ሄክታር በላይ ከሆነ መድፉን ከጠባቂ ጋር አጣምሩት።

መንጋው ሰማይ የሚያጨልም ከሆነ ደግሞ ከነዚህ አንዱም አይችለውም። ያኔ ማምሻውን ተከትላችሁ የሚያድርበትን ደንገል ወይም ግራር ለዩና ለግብርና ጽሕፈት ቤቱ አስታውቁ። በአውሮፕላን የመርዝ ርጭት የሚደረገው ማደሪያው ላይ ስለሆነ መጀመሪያ የሚጠየቀው ቦታው ነው። ከተረጨ በኋላ የወደቀውን ወፍ ማንም እንዳይበላ፣ ከብትም ወደዚያ እንዳይነዳ ለመንደሩ ንገሩ።