የካፕሱል ቡና ማሽን ደሴ ላይ፦ ከክረምት እስከ በልግ

ማሽኗ ደህና ናት፤ ጣጣው ያለው ካፕሱሉ፣ ማለትም ለአንድ ስኒ የሚሆን የተፈጨ ቡና የታሸገበት ትንሽ ዕቃ ላይ ነው። እህቴ ባለፈው ክረምት መግቢያ ላይ ከዱባይ ይዛልኝ መጣች፤ አሁን የበልጉ ዝናብ ጀምሯል። የአዲስ ዕቃ ጉጉቱ ወጥቶልኛል፣ ስለዚህ ያየሁትን ልናገር።

የምኖረው ደሴ፣ የምሠራው ኮምቦልቻ ነው። ሚኒባስ ለመያዝ ንጋት 11 ሰዓት ተኩል ላይ ከቤት እወጣለሁ። በዚያ ሰዓት፣ በዚያ የጦሳ ተራራ ብርድ፣ ከሰል አያይዞ ቡና የሚያፈላልኝ ሰው የለም፤ እንዲኖርም አልጠብቅም። ማሽኗ ግን በግማሽ ደቂቃ ገደማ ትሞቅና 40 ሚሊ ሊትር ያህል ቡና ከነአረፋው ትቀዳልኛለች። የትናንቱና የዛሬው ጣዕም አንድ ነው። ፒያሳ ካፌ ገብቼ ከምጠጣው አይተናነስም። ወተት የምታሞቅበት ነገር ስለሌላት ማኪያቶ የሚወድ ሰው ወተቱን ለብቻው ማሞቅ አለበት።

ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይፈላል። ይህ ቡናውን አያበላሸውም ወይ ብለው የጠየቁኝ አሉ። አያበላሸውም፤ ለእንዲህ ዓይነቱ ቡና የሚያስፈልገው ሙቀት ከዚያ ብዙም አይበልጥም። ችግሩ ስኒው ነው። ያን ያህል ጥቂት ቡና ቀዝቃዛ ስኒ ላይ ሲወርድ ወዲያው ለብ ይላል። ስለዚህ መጀመሪያ ያለ ካፕሱል ሙቅ ውሃ አስወርጄ ስኒውን አሞቀዋለሁ።

ስለ መብራት ብዙ አልልም። ሲጠፋ ቡናም የለም። የዱባይ ስፒና ባለ ሦስት ጠፍጣፋ እግር ስለሆነ ራሱን አስቀይሩት፤ ርካሽ አዳፕተር ይግላል። ማሽኗ 1,400 ዋት ስለምትስብ ትንሹ የፍሪጅ ስታቢላይዘር አይችላትም።

አሁን ወደ ካፕሱሉ። የእኔ ማሽን የምትቀበለው ኔስሌ እ.ኤ.አ. በ1986 ኔስፕሬሶ ብሎ ገበያ ያወጣውን ትንሹን ዓይነት ነው። አንዱ የሚይዘው ቡና ከ5 እስከ 6 ግራም ነው። እንግዲህ አስሉት፦ አሥር የሚይዝ ፓኮ ቢበዛ 60 ግራም ቡና ነው፤ ኪሎ ለመሙላት ቢያንስ 17 ፓኮ ይፈልጋል። ደሴ ውስጥ ገብቼ የጠየቅኋቸው ሱቆች አልያዙትም። ያለኝ አማራጭ ከአዲስ አበባ ማስላክ ወይም የእህቴን ሻንጣ መጠበቅ ነው። ካመጣችልኝ ፓኮዎች በአንዱ ላይ «ኢትዮጵያ» ተብሎ ተጽፏል። ከዚሁ አገር ወጥቶ፣ ባሕር ማዶ ተቆልቶ፣ በአልሙኒየም ታሽጎ፣ በአውሮፕላን ተጭኖ ተመለሰ ማለት ነው። ጣዕሙ ግሩም ነበር፤ ዋጋውን ግን እናቴ ፊት አልናገርም።

ባዶው አልሙኒየም ይጠራቀማል። ቆራሌው እንኳ አገላብጦ አይቶ አተላው ካልወጣለት እንደማይወስደው ነግሮኛል። እውነቱን ነው።

መላ የሆነኝ ተመላልሶ የሚሞላ የብረት ካፕሱል ነው። በሙቀጫ የተወቀጠ ቡና አይሆነውም፤ የላመው ቀዳዳውን ይደፍናል፣ ሻካራው ደግሞ ውሃውን እንዲሁ ያሳልፋል። ሰኞ ገበያ የገዛሁትን ቡና ቤት ቆልቼ፣ ለካፌ ማሽን የሚፈጭ ወፍጮ ባለው ሰው አስፈጫለሁ። ሲሞላ በጣም መጠቅጠቅ የለበትም። አረፋው ያንሳል፣ ጣዕሙ ግን የማውቀው ቡና ነው። በየጊዜው ማጠብ ስላለብኝ ማታ አዘጋጅቼው አድራለሁ።

እንግዳ ሲመጣ ማሽኗን ደብቋት። አምስት ሰው ቢቀመጥ አምስት ካፕሱል ያልቃል፤ የመጨረሻው ስኒ እስኪቀዳ የመጀመሪያው ቀዝቅዟል። ቶና የሚባል ነገርም የለም፤ ያገለገለውን ካፕሱል ደግመው ቢጫኑት የሚወርደው ቀለም ያለው ውሃ ነው። ጀበና በአንዴ ከተወቀጠ ቡና አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብሎ ቤቱን ሁሉ ያዳርሳል። አክስቴ መጥታ አንድ ስኒ ቀዳሁላት። ዕጣን የለም፣ ፈንዲሻ የለም፣ ቡናው አለቀ። «ልጄ፣ ታዲያ ዱዓው መቼ ሊደረግ ነው?» አለችኝ። ጀበናው ተጣደ።

ጥገናዋ ቀላል ነው። ሻይ ማፍያችን ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ቅርፊት እሷም ውስጥ ስለሚኖር በየጊዜው በሲትሪክ አሲድ ማጽዳት ያስፈልጋል። ሆምጣጤ ላስቲኩን ሊጎዳው ስለሚችል አይግባባት።

ውጭ አገር የሚመላለስ ዘመድ ያለው፣ ብቻውን ማልዶ ወይም አምሽቶ ቡና የሚጠጣ ሰው ይያዛት፤ እኔም አልሸጣትም። ካፕሱሉን ከኪሱ የሚገዛ የደሴ ሰው ግን በዚያው ገንዘብ ምድጃ ላይ የሚጣድ ሞካ የሚባል የቡና ማፍያና ትንሽ የእጅ ወፍጮ ቢገዛ ይሻለዋል። ሞካው አምስት ደቂቃ ያህል ያስጠብቃል፤ መብራት ሲጠፋ ግን ከሰል ላይም ይፈላል።