ኪተን ወይስ ሎይድ?

ድምፅ አልባ ኮሜዲ ሲነሳ ሁሉም ቻፕሊንን ይጠራል። እሱን ለዛሬ እንተወውና ሁለቱን የድምፅ አልባ ፊልም ኮሜዲያን፣ ባስተር ኪተንንና ሃሮልድ ሎይድን፣ እናስተያይ (ዓመቶቹ እ.ኤ.አ. ናቸው)።

ኪተን ፊቱን አይፈታም። በ1928 በወጣ ፊልሙ የአንድ ቤት የፊት ግድግዳ እንዳለ ይወድቅበታል። የቆመው ልክ ክፍቱ መስኮት የሚያርፍበት ቦታ ላይ ነውና ይተርፋል። የካሜራ ማታለል የለበትም፤ ትንሽ ቢዛነፍ አለቀለት!

ሎይድ ደግሞ ክብ መነጽር ያደረገ ተራ ጎረምሳ ነው። በ1923 ፊልሙ ፎቅ ላይ ካለ ትልቅ ሰዓት ሲንጠለጠል የምናየው ሰው ቀኝ እጁ ላይ ሁለት ጣት የለውም። በ1919 ፎቶ ሲነሳ የውሸት ነው ብሎ የያዘው ቦምብ ፈንድቶ ወሰደበት። ጉድለቱን በጓንት ይሸፍን ነበር።

በገንዘብ ሎይድ ብልጥ ነው። ፊልሞቹን የራሱ አደረገ፣ ሀብታም ሆኖ አረጀ። ኪተን በ1928 ከፊልም ኩባንያው ኤምጂኤም ጋር ፈረመ፤ ነፃነቱን አጣ፣ መጠጥ ተጨመረበት፣ በ1933 ተባረረ።

ግን ሎይድ ፊልሞቹን ለቴሌቪዥን አልሰጥም ብሎ ስለቆየ ቀጣዩ ትውልድ ብዙም አላወቀውም። ኪተን ግን በስተርጅና እንደገና ተጨበጨበለት።

እኔ የኪተን ወገን ነኝ። ለጀማሪ ግን ሎይድ ይሻላል፤ ቶሎ ያስቃል።