የሲንጋፖር ቻይናታውን የእግር ጉብኝት፦ መንገዱ ግሩም፣ ትረካው ጎዶሎ

ሲንጋፖር ከሄዳችሁ የቻይናታውንን የእግር ጉብኝት በጠዋት ያዙት። ፀሐዩ ሳይከር ፓጎዳ ጎዳና ላይ መራመድ ደስ ይላል። የእኛ አስጎብኚ ድርጅት ስሙ ይቅር። ሰዓት ያከብራሉ፣ ቡድኑም ትንሽ ስለሆነ ሁሉም እንደልቡ ይጠይቃል። እስከዚህ ድረስ ምንም አይወጣላቸውም።

ከሁሉም የወደድኩት የኦፒየም (የሚጨስ አደንዛዥ ዕፅ) ሚዛኗን ነው። አስጎብኚው ከቦርሳው ቫዮሊን የምትመስል የእንጨት ሳጥን አወጣ። ውስጧ ቀጭን የአጥንት ዘንግ፣ አንዲት የነሐስ ሳህንና ትንሽ ክብደት አለ። ዘንጉ ላይ የተደረደሩት ነጠብጣቦች መለኪያዎቹ ናቸው። ተቀብዬ ያዝኳት፤ ክብደቷ አይታወቅም። ሪክሾ ሲጎትት ወይም ወደብ ላይ ጆንያ ሲሸከም የዋለ ሰው፣ የወገቡን ሕመም ለማስታገስ የዕለት ገቢውን ይዞ የሚመጣው ወደዚች ሚዛን ነበር።

ቅር ያለኝ ከዚህ በኋላ ነው። አስጎብኚው ቻይናውያኑ ሱሱን ከአገራቸው ይዘው መጡ፣ እንግሊዞች አስቀሩላቸው ብሎ አለፈው። እንዴት እንዲህ ይባላል? ሻጩስ ማን ነበር? ጥሬው ኦፒየም የሚጫነው እንግሊዞች ከሚገዟት ህንድ ነው። ሲንጋፖር ነጻ ወደብ ስለነበረች ከጉምሩክ ቀረጥ የሚገኝ ገንዘብ የለም። ስለዚህ የእንግሊዝ ቅኝ ገዥ መንግሥት ኦፒየሙን አፍልቶ የመሸጥ መብቱን ለቻይናውያን ነጋዴዎች በጨረታ ያከራይ ነበር። ከቅኝ ግዛቱ ገቢ ግማሽ ያህሉ ከዚሁ የተገኘባቸው ዓመታት አሉ። መንገዱም፣ የሹማምንቱም ደሞዝ በኩሊው ኪስ ተሸፍኗል ማለት ነው።

ከቻይናውያኑ መካከል ደግሞ የታገሉ ነበሩ። ሐኪሙ ሊም ቡን ኬንግና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1906 ጸረ ኦፒየም ማኅበር አቋቋሙ። መንግሥት በ1907 አጣሪ ኮሚሽን ሾመ፤ ኮሚሽኑ ግን ጉዳቱን አቅልሎ አየው፣ ይከልከልም አላለም። በ1910 መንግሥት ራሱ ንግዱን ጠቅልሎ ያዘ። ሙሉ በሙሉ የታገደው ከጃፓን ወረራ በኋላ፣ በ1946 ነው። የእነዚያ ታጋዮች ስም በጉብኝቱ አንዴ እንኳን አልተነሳም፤ ይሄ በጣም ያሳዝናል።

ጊዜ ካላችሁ ፓሲር ፓንጃንግ ወዳለው የቡኪት ቻንዱ ኮረብታ ውጡ። ከኮረብታው ሥር የመንግሥት የኦፒየም ማሸጊያ ፋብሪካ ነበር። እዚያ ያለው ሙዚየም በዋናነት ከጃፓን ጋር ስለተደረገው የ1942 ጦርነት ቢሆንም ፋብሪካውንም ያነሳል።

ለእግር ጉብኝቱ ከአምስት ሦስት ሰጥቻለሁ። ትረካቸውን ካስተካከሉ አምስቱንም ይገባቸዋል።