ዶክተር ወይስ የእንስሳት ሐኪም?

የመንዝን ልጅ «ስታድግ ምን ትሆናለህ?» ቢሉት ቶሎ የሚመጣለት መልስ «ዶክተር» ነው፤ የሰው ሐኪም ማለቱ ነው። የበግ ሐኪም የሚል ጥቂት ነው። ያሳዝናል፣ ምክንያቱም በግ ጠብቆ ያደገ ልጅ የሥራውን ግማሽ ያውቀዋል።

ሁለቱም በ12ኛ ክፍል የተፈጥሮ ሳይንስ ፈተና ያልፋሉ፣ ሁለቱም ዓመታት ይፈጃሉ። ለሰው ሕክምና የሚጠየቀው ውጤት ግን ከፍ ይላል፤ ከኢንተርንነት (በሆስፒታል እየሠሩ ከሚለማመዱበት ጊዜ) ጀምሮም የሌሊት ተረኝነት አለበት።

የእንስሳት ሐኪም ውሎ ግን ዳገት ቁልቁለት ነው። በጉን ይዞ የዓይኑን ቆብ ይገለብጣል፤ ውስጡ ከነጣ ደም አንሶታል፣ ረግረግ ላይ የሚግጥ ከሆነም የጉበት ትል ይጠረጠራል። ብዙ ጊዜ ሥራውን የሚያበላሸው መድኃኒት በግምት መስጠት ነው። አልቤንዳዞል የሚባለው የትል መድኃኒት ለጉበት ትል በኪሎ 7.5 ሚሊግራም ነው፤ 20 ኪሎ የሚመዝን በግ 150 ሚሊግራም ይወስዳል። አሳንሶ መስጠት ትሉን መድኃኒቱን ያስለምደዋል። በልኩ ቢሰጥም የሚገድለው ያደገውን ትል ስለሆነ ትንንሾቹ ይተርፋሉ። ገና ለጸነሰች በግ ደግሞ አይሰጥም፤ ጽንሱን ይጎዳል።