ለክረምት የሞተር ጉዞ የገዛሁት የዝናብ ልብስ

ደብረ ብርሃን ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ፣ በሐምሌና በነሐሴ በሞተር ሳይክል ወደ ሥራ የሚመላለስን ሰው ከዝናቡ ይበልጥ የሚጎዳው በረጠበ ልብስ ላይ የሚነፍሰው ነፋስ ነው። ከገበያ በርካሽ የገዛሁት፣ ጃኬቱና ሱሪው ለየብቻ የሆነ የፕላስቲክ ዝናብ ልብስ ከጫጫ ከተማ ወደ ደብረ ብርሃን ስመላለስ ደረቴን ከውሃ ጠብቆልኛል። ድክመቱ የሱሪው መቀመጫ ላይ ነው፤ ገልብጬ ሳየው የመርፌው ቀዳዳዎች በማሸጊያ አልተሸፈኑም፣ ውሃውም በዚያ ሰርጎ ጭኔን አርሶታል። ስለዚህ ገዢው ከመክፈሉ በፊት ስፌቱን ገልብጦ ይመልከት፤ ከሥሩ ወፍራም ሹራብ ስለሚለበስም አንድ ቁጥር ከፍ ያለውን ይምረጥ። በጓንት ላይ ግን መቆጠብን አልመክርም፤ ጣት ከደነዘዘ ፍሬን በጊዜ አይያዝም። የሱሪው እግር ከቦት ጫማው ውጭ መውረድ አለበት፤ አለዚያ ውሃው ተንቆርቁሮ ጫማው ውስጥ ይገባል።