14 ወር ከፌንደር ብሉዝ ጁኒየር ጋር፦ አዲስ አበባ ላይ ቲዩብ አምፕ መያዝ

ፌንደር ብሉዝ ጁኒየር የሚባለው የጊታር ድምፅ ማጉያዬ፣ ማለትም አምፑ፣ የመጣው በሻንጣ ነው። የአጎቴ ልጅ ከቨርጂኒያ ሲመጣ አንዱን ሻንጣውን ለኔ ለቀቀልኝ። ብሉዝ ጁኒየር ወደ 14 ኪሎ ስለሚመዝን ልብስ ተጠቅልሎበት 23ቱ ኪሎ ውስጥ ገባ። ቲዩቦቹን ነቅሎ፣ በካልሲ ጠቅልሎ በእጁ እንዲይዛቸው ነግሬው ነበር። አንዱም አልተሰበረም። ይኸው አሁን 14 ወር ሆነው። በሥራ ቀን ቤት እለማመድበታለሁ፣ ቅዳሜና እሁድ ማታ ከባንዳችን ጋር ሆቴል እጫወትበታለሁ።

ለማያውቀው ላስተዋውቅ። 15 ዋት አምፕ ነው። ድምፁን የሚያጎሉት አምስት የመስታወት ቲዩቦች ናቸው፦ ከፊት ሦስት 12ኤኤክስ7፣ ከኋላ ስፒከሩን የሚነዱ ሁለት ኢኤል84። ስፒከሩ አንድ ባለ 12 ኢንች ነው። ሪቨርቡ፣ ማለትም ድምፁን እንደ ገደል ማሚቶ የሚያስተጋባው ክፍል፣ የእውነት ሞላ ነው፤ አምፑን እንደበራ ብትገፉት ሞላው ሲንጫጫ ትሰማላችሁ። ቻናሉ አንድ ብቻ ነው። የጆሮ ማዳመጫ መሰኪያ የለውም። በቀጥታ ወደ ሚክሰር የሚሄድ መስመርም የለውም። ኮንዶሚኒየም የሚኖር ሰው ይሄን አስቀድሞ ይወቅ። 15 ዋት ሲባል ትንሽ ይመስላል፤ የቲዩብ 15 ዋት ግን ሙሉ ብሎክ ይቀሰቅሳል።

የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት ቅር ብሎኝ ነበር። የጠበቅኩት ጥርት ያለ፣ ክሩ አንድ በአንድ የሚለይበት ድምፅ ነው። ሰላም ስዩም በሮሃ ባንድ የሚጫወታቸውን መስመሮች እየሰማ ላደገ ሰው ጊታር ማለት ያ ነው። የኔ ግን ታፍኗል፣ ከሥሩም ዝዝዝ ይላል። ጊታሬ ስኳየር ስትራቶካስተር የሚባል ኤሌክትሪክ ጊታር ነው። ጥፋቱን ወዲያው ፒክአፑ (ከክሩ ሥር ሆኖ ንዝረቱን የሚይዘው ማግኔት) ላይ ጣልኩትና አዲስ ላስመጣ አሰብኩ። እንኳን ቸኩዬ አላዘዝኩ። ችግሩ የሚጀምረው ከግድግዳው ነበር።

አምፑ የአሜሪካ ስለሆነ የሚፈልገው 120 ቮልት ነው። የኛ መብራት 220 ነው። ስለዚህ ወደ 110 የሚያወርድ ትራንስፎርመር ገዛሁ። የተሸጠልኝ ባለ ሁለት እግር ነበር። ባለ ሦስት እግሩን የአምፕ ገመድ በአዳፕተር ሰካሁበት። በዚያው የኧርዝ መስመሩ፣ ያፈተለከ ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የሚያወርደው፣ ተቋረጠ። ይሄን ያወቅኩት በክፉ መንገድ ነው። አንድ ማታ ሆቴል ውስጥ ክሩን እንደያዝኩ ለማጀብ ወደ ማይኩ ጠጋ ስል ከንፈሬን ነዘረኝ። ማይኩ በሚክሰሩ በኩል ኧርዝ አለው፤ የኔ አምፕ የለውም፤ መሃል ላይ ያለሁት እኔ ነኝ። ይሄ የሚቀለድበት ነገር አይደለም። የስቶን ዘ ክሮውስ ባንድ ጊታሪስት ሌስ ሃርቪ እ.ኤ.አ. በ1972 ዌልስ ውስጥ ስዋንሲ ከተማ መድረክ ላይ የሞተው ኧርዝ ባልነበረው ማይክ ነው።

በማግስቱ ኤሌክትሪሺያን ጠራሁ። የሳሎኑ ሶኬት ባለ ሦስት መስመር ቢሆንም የኧርዙ ሽቦ ከኋላ አልታሰረም። አሰረው። ኧርዙን እስከ አምፑ የሚያደርስ ባለ ሦስት እግር ትራንስፎርመርም ቀየርኩ። የዝዝታው ግማሽ እዚያው ጠፋ።

ሁለተኛው ችግር የቮልቴጁ መውረድ ነበር። ማታ ማታ በመልቲሜትር ስለካው ሰፈራችን 190 ይላል። ትራንስፎርመሩ ግማሹን ነው የሚያወጣው፤ አምፑ ጋ የሚደርሰው 95 ብቻ ነው ማለት ነው። ቲዩብ ደግሞ ውስጡ ያለው ክር በደንብ ካልሞቀ አይሠራም። ድምፁ ይላላል፣ ጠንከር አድርጋችሁ ስትመቱት ቶሎ ይሰበራል። ከትራንስፎርመሩ በፊት ስታብላይዘር ካስገባሁ በኋላ ያው አምፕ ሌላ አምፕ ሆነ። አንድ ነገር ልጨምር፦ ለ60 ኸርዝ የተሠራ ትራንስፎርመር በኛ 50 ኸርዝ ሲሠራ ይበልጥ ይሞቃል። 120 በሚፈልግበት ቦታ 110 መስጠቱ ይሄን ትንሽ ያካክሰዋል። እኔም እረፍት ላይ አምፑን ማጥፋት ለምጃለሁ። ምርጫ ያለው ሰው ግን የአውሮፓውን ባለ 230 ቮልት ያስመጣ፤ ከዚህ ሁሉ ጣጣ ይገላገላል።

ከዚያ ወደ ጊታሩ ዞርኩ። ብዙ የተማርኩት እዚህ ነው።

መጀመሪያ የፒክአፕ ከፍታ። ፒክአፖቹ ወደ ክሩ በጣም ተጠግተው ነበር። ማግኔቱ ክሩን ስለሚጎትተው ወፍራሞቹ ክሮች ላይ ድምፁ ይዋዥቃል፤ የተቃኘው ጊታር ያልተቃኘ ይመስላል። ክሩን በመጨረሻው ፍሬት (አንገቱ ላይ ያለው የብረት መስመር) ላይ ተጭኜ ከክሩ እስከ ፒክአፑ ያለውን ለካሁ። በወፍራሙ ክር በኩል 2 ሚሊ ሜትር፣ በቀጭኑ በኩል 1.6 አካባቢ አደረግኩት። ካቻቢቴ ብቻ ነው የፈጀብኝ። ለውጡ ከጠበቅኩት በላይ ነበር።

ቀጥሎ ቮልዩም። ስትራቶካስተር ላይ ቮልዩሙን ከ10 ወደ 6 ስታወርዱት ድምፁ ብቻ አይቀንስም፤ ቀጭኑ ድምፅ አብሮ ይሞታል። ጥፋቱ የገመዱ ነው። የጊታር ገመድ ራሱ እንደ ካፓሲተር ነው፤ ሲረዝም ይብሳል። ስለዚህ የ9 ሜትሩን ትቼ የ5 ሜትር ያዝኩ። ከዚያ ሬዲዮ የሚጠግን ጓደኛዬ ካውያውን ይዞ መጣና 150 ኪሎ ኦም ሪዚስተርና 680 ፒኮፋራድ ካፓሲተር ጎን ለጎን አድርጎ ቮልዩሙ መግቢያና መውጫ ላይ በየደልኝ። ሁለቱ ተደምረው የአንድ ማኪያቶ ዋጋ አልሞሉም። አሁን ዘፋኟ ስትገባ ቮልዩሙን እቀንሳለሁ፣ ጥራቱ ግን አይሄድም። በጠቅላላው ካደረግኩት ሁሉ አንድ ብቻ ምረጥ ብባል የምመርጠው ይሄን ነው።

በዚያው ቀን ሌላም ነገር ሠራን። ስትራቶካስተር ከ1954 ጀምሮ በተለመደው አሠራሩ የብሪጁ ፒክአፕ (ክሮቹ ከታች የሚያርፉበት ብሪጅ አጠገብ ያለው) ቶን፣ ማለትም ቀጭኑን ድምፅ የሚቀንስ ቁልፍ፣ የለውም። ብቻውን ሲሆን ጆሮ የሚወጋው ለዚህ ነው። የፒክአፕ መምረጫው ላይ ከታችኛው ቶን ጋር የምታገናኘው አንዲት አጭር ሽቦ በየድን። አሁን ቶኑን ወደ 7 ሳወርደው እንደ ክራር ቆረጥ ቆረጥ ያለ፣ ግን የማይወጋ ድምፅ ይሰጠኛል። ዝዝታውን ለመቀነስ የጊታሩን ውስጥ በመዳብ ወረቀት መሸፈንም ሞክሬአለሁ፤ ትንሽ ረድቷል፣ ብዙ አይደለም። ከሱ ይልቅ መምረጫውን ሁለት ፒክአፕ አብረው በሚሠሩበት ቦታ ማድረግ ይሻላል። የኔ ጊታር መካከለኛ ፒክአፕ በተቃራኒው ስለተጠመጠመ ዝዝታው እርስ በርሱ ይጠፋፋል።

አምፑ ላይ ያሉት ቁልፎች እስከ 12 ይቆጥራሉ። ቮልዩሙ የፊተኞቹን ቲዩቦች ይነዳል፣ ማስተሩ ደግሞ ጠቅላላውን ድምፅ ይቆጣጠራል፤ ንጹህ ድምፅ ከፈለጋችሁ ማስተሩን ክፈቱ፣ ቮልዩሙን ዝቅ አድርጉ። እኔ ወራት ሙሉ በግልባጩ ነበር የማደርገው፤ ከፊት ያሉትን ቲዩቦች እያስጮህኩ ለምን ይሻክራል እያልኩ እጨነቅ ነበር። ድምፁን የሚያወፍረውን፣ ፋት የሚለውን ቁልፍ ለሶሎ ብቻ እጫነዋለሁ። ለአጃቢነት ከቤዝ ጊታሩ ጋር ይጋጫል።

በኋላ የፊተኛውን 12ኤኤክስ7 አውጥቼ 5751 የሚባል ቲዩብ አስገባሁ። የማጉላት ጉልበቱ ከ12ኤኤክስ7 ከመቶ ሰባ ያህል ነው። ቁልፉ ትንሽ ሲነካ ድምፁ ዘሎ መውጣቱ ቀረ፤ ቤት ውስጥ ለመለማመድም ተመቸኝ። ቲዩብ መቀየር የሚቻለው ከኋላ በኩል፣ አምፑ ጠፍቶ ከቀዘቀዘ በኋላ ነው። ሻሲውን፣ ማለትም ሽቦዎቹ ያሉበትን የብረት ሳጥን፣ ግን እንዳትከፍቱ። ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት ይዘው ይቆያሉ። ትርፍ ኢኤል84 ጥንድ ሁሌ ቦርሳዬ ውስጥ አለ፤ ሲሞቱ ሮጬ የምገዛበት ቤት ስለሌለኝ ከውጭ ለሚመጣ ሰው ቀድሜ አዛለሁ።

መድረክ ላይ ደግሞ አምፑን ወለል ላይ አታስቀምጡት። ቀጭኑ ድምፅ ከስፒከሩ ቀጥ ብሎ ነው የሚወጣው፤ ከጆሯችሁ በታች ያልፋል። እናንተ የታፈነ መስሏችሁ ትሬብል ስትጨምሩ ፊት ለፊት የተቀመጠው ደንበኛ ይጎዳል። እኔ ወንበር ላይ አወጣውና ወደ ኋላ ዘንበል አደርገዋለሁ። ከፊቱ ሹር ኤስኤም57 ማይክ እተክላለሁ፤ ከስፒከሩ መሃል ወደ ጠርዙ ሁለት ጣት ያህል ፈቀቅ አድርጌ።

አምፑ ጀርባ ላይ በፕላስተር የለጠፍኩትን ልንገራችሁ። ለትዝታ፦ የአንገቱና የመካከለኛው ፒክአፕ አብረው፣ ጊታሩ ላይ ቮልዩም 7፤ አምፑ ላይ ቮልዩም 4፣ ማስተር 9፣ ትሬብል 5፣ ሚድል 7፣ ቤዝ 4፣ ሪቨርብ 3። ለችክችካ፦ የብሪጁና የመካከለኛው፣ ቮልዩም 9፣ ሪቨርቡ 1 ላይ። ባለፈው ቅዳሜ ከመድረክ ስወርድ ኪቦርዲስታችን ፒክአፑን የት እንዳስቀየርኩ ጠየቀኝ። ፒክአፑ ያው ከጊታሩ ጋር የመጣው ነው።